በጓሮ በር የወጣው ካሜራው

«አጥፊው... በእናትሽ አጥፊው!»

የኮሌጁን ግቢ በሳቅ የሚያፈርሰው ልጅ፣ በሴቶች ዶርም ጓሮ፣ እርጥብ አንሶላ በተሰጣበት ገመድ መሃል ቆሞ ይለምናል።

ዓይኑ አብጧል። አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል።

ፊት ለፊቱ ያለችው ልጅ ስልኳን ወደሱ እንደደገነች ነው።

«ከየትኛው በር እንደወጣህ አይቻለሁ። ቀርጬሃለሁ!»

የወጣው የጓሮ በሩ ወደ ሴቶች ዶርም ጓሮ ከሚከፈተው የምክር አገልግሎት ቢሮ ነው። ሰው እንዳያየው አማካሪዋን ለምኖ፣ በጓሮ እየገባ በጓሮ ይወጣ ኖሯል ለካ...

ቆይ፣ ይሄ ልጅ ማን መሰላችሁ?

ግቢው የሚጠራው «ካሜራው» ብሎ ነው። የወደቀ፣ ያለቀሰ፣ ከፍቅረኛው የተጣላ... ከስልኩ ያመለጠ የለም። ሁሉም የሱ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ግቢው ይስቃል።

ዘንድሮ ደግሞ ኮሌጁ ለተማሪዎች የሥነ ልቦና ድጋፍ ጀመረ። በየግድግዳው «ብቻህን አይደለህም፣ ሚስጥርህ የተጠበቀ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ደስ ይላል!

ግን በሩ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከካፌው የምሳ ሰልፍ ፊት ለፊት! ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚም ውጭ፣ በሩ አጠገብ።

ግማሹ ግቢ ትሪ ይዞ እያየህ ሚስጥርህ ይጠበቃል እንግዲህ። ይህን ያቀደው ሰው ራሱ ምክር ሳያስፈልገው አይቀርም።

አንድ ቀን እዚያ አግዳሚ ላይ ሚጡ ተቀመጠች። የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ የባለ ስልኳ ታናሽ እህት ናት።

ፈተና ሲደርስ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አይዞርም። «ሂጂ፣ ግዴለሽም፣ ምንም የለውም» ብላ የላከቻት ታላቅየዋ ነበረች።

ሄደች። እየተሻላትም ነበር። መሳቅ ጀምራ ነበር...

ካሜራው ቀረጻት። ሙዚቃ ጨመረበት። «የእብዶች ወረፋ ተጀመረ» ብሎ ለጠፈው።

ሚጡ በነጋታው ሻንጣዋን ይዛ ቤት ገባች። ይኸው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እናታቸው በስልክ «ኧረ ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?» እያለች ታለቅሳለች።

የሚጡ መልስ አንድ ነው... «ሰው እያየኝ እዚያ አልመለስም።»

ታላቅየዋ ያኔ ጥርሷን ነክሳ ማለች። «አገኘዋለሁ!»

አገኘችው። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ።

«አንተም እዚያው እየታከምክ እህቴን ለምን ቀረጽካት?»

አንገቱን ደፋ።

«አባቴ ከሞተ ጀምሮ ደህና አይደለሁም... ሌላው ላይ ካልሳቅኩ እኔን ያዩኛል ብዬ ነው።»

ልትተወው ምንም አልቀራትም። ግን ሚጡ ግድግዳውን እያየች መተኛቷ ትዝ አላት።

«ነገ ምሳ ሰዓት በፊት ለፊቱ በር ትገባለህ። ኮፍያ የለም፣ መነጽር የለም። እህቴ የተቀመጠችበት ትቀመጣለህ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«እሱን ቃል አንተ ነህ የምታውቅበት። ካልመጣህ ቪዲዮውን ግቢው ሁሉ ያየዋል።»

«ሰው ይስቅብኛል እኮ!»

«ጎሽ! ገብቶሃል ማለት ነው።»

በነጋታው ሰልፉ ረዝሟል...

ካሜራው መጣ። ተቀመጠ።

ወዲያው አንዱ «ካሜራውም ወረፋ ያዘ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ግቢውን አናጋው። ስልክ ሁሉ ወጣ። የሱ ተማሪዎች ናቸው፣ ታዲያ ከማን ይማሩ?

ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ታላቅየዋ ትሪዋን ይዛ ከሰልፉ መሃል ታየዋለች። አልዋሻችሁም፣ አላዘነችለትም። ልቧ ቅቤ ጠጣ!

እሱ ግን ያላዘዘችውን አደረገ። ብድግ አለና...

«ቅረጹ! እኔም እዚህ ነው የምታከመው። በጓሮ እየገባሁ እዚህ በቀረጽኳት ልጅ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እብድ ካላችሁ እኔን በሉኝ፣ እሷን ተዉአት!»

ሳቁ ጠፋ። አንዷ ስልኳን ኪሷ ከተተች። በሩ ተከፈተ፣ ሁሉም እያየው ገባ።

ሰልፈኛው የቀረጸው ቪዲዮ ሳይመሽ ሚጡ ጋ ደረሰ። ለእህቷ ደወለች።

«አየሁት።»

«ይቅር አልሽው?»

«አላልኩትም!»

ሚጡ ቀጠለች...

«ግን ሰኞ እመጣለሁ። አግዳሚው ላይ ቦታ ያዢልኝ።»

ታላቅየዋ ስልኩን እንደያዘች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሰኞ ሚጡ መጣች። የዚያኑ ቀን ካሜራው ታላቅየዋን ካፌው በር ላይ ጠበቃት።

«ያልሽኝን አድርጌአለሁ። አሁን ያንን ቪዲዮ ዓይኔ እያየ አጥፊልኝ።»

ስልኳን ከፍታ ሰጠችው። ፈለገ... ከላይ እስከ ታች ፈለገ...

የለም!

«አጠፋሽው?»

«አልቀረጽኩህም።»

ያን ቀን እያለቀሰ ሲወጣ ልትቀርጸው ስልኳን አንስታ ነበር። ጣቷ እምቢ አላት። ምላሷ ግን እምቢ አላላትም።

«በሌለ ቪዲዮ ነው እንዴ ስንቀጠቀጥ ያደርኩት?»

«ሚጡ ደግሞ ባለው ቪዲዮ ነው የተንቀጠቀጠችው» ብላው ስልኳን ተቀብላ ሄደች።

ወገኖቼ... ጉድጓድ ስትቆፍሩ አታርቁት፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።

መታከም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሊታከም የተቀመጠን ሰው መሳቂያ ማድረግ ነው።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው አንዳንዶች «የእጁን አገኘ» አሉኝ። ሌሎች ደግሞ «እሱም እኮ ታሞ ነበር፣ የታመመን ሰው ማስፈራራት ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?» አሉ። እኔ የዚህ ገጽ አድሚናችሁ ለሷ አጨብጭቤአለሁ፣ አልደብቃችሁም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ሚጡ የእናንተ እህት ብትሆን፣ ያንን ልጅ እያለቀሰ ስታገኙት ትተዉት ነበር ወይስ አግዳሚው ላይ ታስቀምጡት ነበር?