ሰናፍጭ ያለበት የሐማ ጆሮ

«ይሄም ጣፋጭ ነው» አለች ፔርል። የገመጠችውን ብስኩት ከሌሎቹ ግማሾች አጠገብ አስቀመጠችው።

ወንድሟ ላዘር ከጠረጴዛው ማዶ እያኘከ ራሱን ነቀነቀ። የእሱም የፕሪም ፍሬ ማርማላታ ብቻ ነበር።

ውጭ፣ በሞንትሪያል በረዶ ላይ፣ እንደ ንግሥትና እንደ አንበሳ የለበሱ የጎረቤት ልጆች በአይሁድ በዓል በፑሪም የሚላከውን ስጦታ ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የፔርልንና የላዘርን በር ግን አልፈው ይሄዳሉ። አባት የሞተበት ሰው ዓመቱ እስኪወጣ ስጦታ ይልካል እንጂ አይላክለትም። እነሱም ወይኑንና ፍራፍሬውን በጧት ልከው ጨርሰዋል። ፔርል ደንቡን ታውቃለች፤ ቢሆንም ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች።

አባታቸው በየፑሪሙ ይህን ባለ ሦስት ማዕዘን ብስኩት፣ በአስቴር መጽሐፍ ባለው ክፉ ሹም ስም የሚጠራውን የሐማን ጆሮ፣ ራሱ ይጋግርላቸው ነበር። ከሁሉም መሀል አንዱን ብቻ በማርማላታ ፈንታ ሰናፍጭ ይሞላዋል። የደረሰው ሰው እንባው እየወረደ ይነግሣል፤ የአባታቸውን ባርኔጣ ደፍቶ ይውላል፣ ሳህንም አያጥብም። መቼ እንደሚሞላው ማንም አይቶት አያውቅም። ሲጠይቁት «እኔ ምን አውቄ? ሐማን ጠይቁት» ነበር መልሱ።

ዘንድሮ ሊጡን ፔርል አቦካች፣ ላዘር ዳመጠው። ሲሞሉና ሲያጥፉ ግን ሁለቱም ነበሩበት። ከጧት ጀምሮ ያቺን ቃጠሎ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። አባቷ በምላሷ ጭምር ናፍቋታል።

ሳህኑ ላይ አንድ ቀረ።

«በቃ፣ ይሄ ነው ማለት ነው» አለች። «እስከ መጨረሻው አስለፋኸኝ፣ አንተ ተንኮለኛ!»

ላዘር ማኘኩን አቆመ። «እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔማ አንተን አምኜ!»

«ታዲያ ዱቄት አምጣ፣ ቅቤ አምጣ እያልሽ ጓዳ ስትልኪኝ የነበረውስ? አውቀሽ ያራቅሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«ዱቄት አልቆብኝ ነዋ፣ አንተ ጅል!»

ተያዩ። ፔርል መሳቅ ጀመረች፤ ግን ሳቋን አልጨረሰችውም።

«ማንም አላደረገውም» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም ጣፋጭ ነው፣ ላዘር።»

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ አለፈ።

«ዙሪ» አላት።

«ለምን?»

«ዙሪ አልኩሽ፣ አትጨቅጭቂኝ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከኋላዋ ማቀዝቀዣው ተከፈተ። የብልቃጥ ክዳን ተፈታ፣ ማንኪያ ብልቃጡን ነካ። ምንም እንዳልሰማች ሆና ቆመች።

«እሺ፣ አሁን ብዪ።»

ስትዞር ያ የቀረው ብስኩት መዳፉ ላይ ነበር። «ምን አድርገህበት ነው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ላዘር። «ሐማን ጠይቂው።»

ብስኩቱ ከንፈሯ ሳይደርስ እንባዋ ቀድሞ ወረደ።