ገጸ ንስር

«ቀስ በል እንጂ! ማን አባረረህ?» አለች ሰርክ ከታች ሆና። ባለቤቷ ወልደሰንበት ግን መወጣጫውን ወጥቶ ጨርሷል። ጉልላቱ ሥር በተረበረበው ሳንቃ ላይ ቆሞ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀ። ከራሱ በላይ ሥላሴ በዙፋናቸው ተቀምጠዋል። ዙፋኑን ከተሸከሙት አራቱ እንስሳ ውስጥ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳና ገጸ ላሕም ተሥለው አልቀዋል። የገጸ ንስር ቦታ ባዶ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲሁ ባዶውን ቆየ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኘው ይህቺ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ናት፤ ታቦት ገና አልገባባትም። ወልደሰንበት ገጸ ላሕምን ሥሎ ሲጨርስ ነበር ቀኝ ትከሻው እምቢ ያለው። ለዓመታት ሲያመው ችሎት ኖሯል። በኋላ ግን አሸዋ የገባበት ማጠፊያ ይመስል ይንቋቋ ጀመር። በቀኝ ጎኑ መተኛት ቀረ። ሸሚዙን የምታለብሰው ሰርክ ሆነች። አንድ ቀን በግራ እጁ ንስሩን ሞከረው፤ ወርዶ ቀና ብሎ ሲያየው ዶሮ ሆኖ አገኘው። ተመልሶ ወጣና ፍቆ አጠፋው።

«የአጥንቱ ራስ ለስላሳ ሽፋኑ ተበልቶ አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚፋጨው» ብላው ነበር የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ለሊሴ ራጁን ወደ መብራት ይዛ። «ቆርጬ አልጥለውም። የተበላውን ፊት አስተካክዬ እንደ ቆብ ያለ ብረት አለብሰዋለሁ።»

«ጣሪያ እሥልበታለሁ?»

«እንዲህ ብዬ ቃል አልገባልዎትም፣ አባቴ። ሕመሙ ይቀንስልዎታል። ክንድዎ እስከ የት እንደሚወጣ ግን አብረን ነው የምናየው።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወራቱን ሁሉ ግድግዳ ሥር አሳለፈ። ጣቶቹን እንደ ሸረሪት ግድግዳው ላይ ሽቅብ ያስኬዳል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ያርፍና እንደገና ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት ዶክተር ለሊሴ ክንዱን ወዲህም ወዲያም አዟዙራ አየችና፣ «ይሞክሩት። ካመመዎት ግን ጀግና ልሁን አይበሉ፣ ይውረዱ» አለችው።

ዛሬ አቶ አምሃም መጥተዋል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ምእመናኑ ወጥረው ይዘዋቸዋል። «ጋሽ ወልደሰንበት፣» አሉ አንጋጠው፣ «ከሰኞ ጀምሮ የሚገባ ሌላ ሰዓሊ አግኝተናል። ዛሬ ከቻሉ ሥራው የእርስዎ ነው። ካልቻሉ ግን እንዳይቀየሙን።»

ወልደሰንበት ብሩሹን ቀለም ነከረና ክንዱን አነሳ።

ደረቱ ጋ ደረሰ። ትከሻው ጋ ደረሰ። ድሮ ሕመሙ እንደ ቢላዋ የሚሰካበት እዚህ ላይ ነበር። ቆመና ቢላዋውን ጠበቀው። ከታች ሰርክ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ቢላዋው አልመጣም። ክንዱን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ አሁንም አልመጣም። ያን ጊዜ ሽቅብ ለቀቀው፤ ክንዱም ወጣ፣ ወጣና ብሩሹ ጉልላቱን ነካ።

የመጀመሪያዋ መስመር ተንቀጠቀጠች። ሕመም አልነበረም፤ ጡንቻው ሥራ ረስቶ ነው። በጨርቅ ጠረጋትና እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው፣ ምንቃሩ ከግንባሩ ተነሥቶ ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ ታጥፎ ወረደ።

«ውይ!» አለች ሰርክ።

ከዚያ ወዲያ ወልደሰንበት ራሱን ረሳ። ቢጫውን ከቡናማ እያዋሃደ፣ አልፎ አልፎ ክንዱን እያሳረፈ፣ የአንገቱን ላባ አንድ በአንድ አለበሰው። የአቶ አምሃ ስልክ ጮኸ፤ መገናኛ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። «ዛሬ አይመቸኝም» አሉና ዘጉት፤ የሲሚንቶ ከረጢት ስበው ተቀመጡ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ወለሉን አቋርጦ ግድግዳው ላይ ወጣ። ማንም ሰው ከቦታው አልተነሣም።

በመጨረሻ በቀጭኑ ብሩሽ ዓይኑ ውስጥ ነጭ ነጥብ ጣል አደረገ። ንስሩ አየ።

ወልደሰንበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ራሱን ዘመም አድርጎ ተመለከተው። የግራ ቅንድቡ ትንሽ ይቀረዋል። ክንዱን እንደገና ሊያነሳ ሲል ሰርክ መቻል አቃታት።

«ወልዴ! ኧረ ትከሻህስ?»

ቁልቁል አያት። ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር።

«የትኛው?» አላት።