ትዋን ያለችው

የጤና ተቆጣጣሪው የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ፎቅ ወጥቶ ፍራሾቹን እየገለበጠ፣ የስፌታቸውን ጠርዝ በስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ ገለጥ እያደረገ አየ። ከዚያ የፎቁን ክፍሎች በሙሉ አሸገና በየበሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ።

እንግዶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወጡ የፔንሲዮኑ ባለቤት ደረጃው ስር ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ብዙዎቹ ዞር ብለው ሳያዩዋት አለፉ። አንዲት እናት ግን ቆም ብላ ያቀፈችውን ሕፃን እጅጌ ሰበሰበችና ክንዱን አሳየቻት። ክንዱ በንክሻ ተዥጎርጉሯል። ከዚያ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች።

የፔንሲዮኑ ባለቤት በዚያች ሰዓት ሴት ልጇ አጠገቧ ብትሆን ወደደች። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ ስታወራ እንደ ዜና አንባቢ ነው፣ እንግዳ ማባበል ታውቅበታለች። ግን ከጓዳ ብቅ አላለችም።

«ማነው የጠቆመን?» አለች ሴትዮዋ፣ ተቆጣጣሪውን በሩ ላይ ይዛ።

«ስም አንጠይቅም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «የደወለችው ሴት ናት። በጣም ተናዳለች፣ ስታወራ ትንፋሽ ያጥራታል። መጀመሪያ ምን እንደምትል እንኳ አልገባኝም። ‹ትዋን ሰው እየፈጀ ነው› ትለኛለች። ትዋን ደግሞ ምን የሚሉት አውሬ ነው ብዬ ጓደኛዬን ብጠይቀው፣ ለካ ቱሃን ማለቷ ኖሯል።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ቱሃንን ትዋን የሚል ሰው በዚያ ከተማ እምብዛም አይገኝም። በእሷ ቤት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አልጋ አንጣፊዋን ሁሉም እታለም ይሏታል። ከሩቅ አገር የመጣች ናት። ጥንዚዛን ጢንዚዛ ትላለች፤ ቢምቢ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ለእሷ ሁሉም ትንኝ ነው። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት «እታለም፣ ትናንት ማን ነከሰሽ?» ይላታል፣ እንድታወራለት ብሎ። እሷም ነገሩ ገብቷት የነከሳትንም ያልነከሳትንም ትዘረዝርለታለች።

ሴትዮዋ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስትገባ እታለም አንሶላ በሙቅ ውሃ ባልዲ ውስጥ ትነክራለች። የሴትዮዋ ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ ታግዛታለች።

«ፍራሽ ውስጥ ያለውን ምን ትይዋለሽ?»

«ምኑን እትዬ?»

«ሰው የሚበላውን።»

እታለም ግራ ተጋብታ አየቻት። «ትዋኑን ነው?»

«በቃ። አፍሽ አሳበቀብሽ።»

እታለም ነገሩ ሲገባት እጇን ከባልዲው አወጣች። «እኔ ለማንም አልደወልኩም። ፍራሾቹ ይውጡ፣ መድኃኒት ይረጭ ብዬ የነገርኩት ለእርስዎ ነው። ‹እንግዳ ሲቀንስ› አሉኝ።»

«እንቢ ስልሽ ለእነሱ ነገርሽ።»

«የምለው ካለኝ ፊትዎ ቆሜ ነው የምለው። ዛሬ ነው እንዴ የሚያውቁኝ?»

«ዛሬ ነው ያወቅኩሽ። ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ። አንድ ልጄን ጀርባሽ ላይ ጥዬ ለእንግዳ ስሯሯጥ የኖርኩ ሞኝ እኔ ነኝ። እንደ እህት ባይሽ ገበናዬን አደባባይ አወጣሽው።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

«አንቺ አትግቢበት።»

«እማዬ፣ አንዴ ስሚኝ።»

«ዝም በይ አልኩሽ። ለእሷ ጠበቃ ልትቆሚ ነው?»

ልጅቷ የያዘችውን አንሶላ ባልዲው ውስጥ ወረወረችው። ውሃው የእናቷ ቀሚስ ላይ ተረጨ። እታለም ክንዷን ይዛ «ተይ የኔ ልጅ፣ እናት ናት» አለቻት። ልጅቷ በሩን አላትማ ወጣች።

ይህ ሴትዮዋን ይበልጥ አንገበገባት። ልጄንም አስከዳችብኝ፣ አለች በሆዷ።

«ዕቃሽን ሸክፊ» አለች።

እታለም ሽርጧን ፈታች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እኔ የዚህ ቤት ሰው ነኝ ብዬ ነበር» አለች። «እናንተ ለካ አፍ አፌን ስታዩ ነው የኖራችሁት።» ሽርጡን አጥፋ ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ዘበኛው ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ተሸከመላት። ሲመለስ በሴትዮዋ አጠገብ አቀርቅሮ አለፈ።

ባረፈ ልብ እቀመጣለሁ ብላ ነበር፣ ንዴቱ ግን አልወጣላትም። ሳሎኑ ጭር ብሏል። ቴሌቪዥኑን ማንም ስላላጠፋው ብቻውን ያወራል። አጠፋችው። ከዚያ ወደ ልጇ ክፍል ሄደች፤ ልጅቷ ለጊዜው ብትቆጣም ነገ ይገባታል ብላ አሰበች።

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ታክሲው የሄደበትን መንገድ ታያለች። ሴትዮዋ አልጋው ጠርዝ ላይ አረፍ አለች።

«ያሳደገችሽ ናት፣ እንደሚከፋሽ አውቃለሁ» አለች። «ግን ከቤቴ ሆኖ የሚሸጠኝን ሰው ምን ላድርገው? ንገሪኝ እስቲ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ልጅቷ ዞረች። ዓይኗ ደም ለብሷል። ለመናገር ስትሞክር ትንፋሽ አጠራት፤ አፏ ተሳሰረባት፤ ቃሉ ሲወጣ እንደ ዜና አንባቢ አልነበረም።

«ተነሺ ከዚያ፣ ይሄም አልጋ ትዋን አለበት።»