የእሜቴ ጉርሻ

እሜቴ እስከ ዓርብ ሣር ካልረገጠች በመርፌ ልትገደል ነው።

ዶክተር አጸደ ይህን የተናገሩት ሰኞ ጠዋት ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ አሁን አሜሪካ፣ ከሬድመንድ ከተማ አለፍ ብሎ ጫካ ሥር ባለ የድቦች ማገገሚያ ይሠራሉ። እሜቴ ከእስያ በመርከብ የመጣች ድብ ናት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መዞሪያ በሌለው የብረት ሳጥን ውስጥ ዘግተው፣ ሆዷ ላይ ቱቦ ሰክተው፣ ሐሞቷን ለመድኃኒት ሲቀዱ ኖረዋል። ብረቱን ስትነክስ ጥርሷ አልቋል። ነጻ ወጣሽ ቢሏትም ከመኝታ ቤቷ ንቅንቅ አላለችም። በሩ ወደ ሜዳው ክፍት ነው፤ እሷ ግን ጨለማው ውስጥ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

«ምግብም ትታለች። እንዲህ ማቆየት ማሠቃየት ነው» አሉ ዶክተር አጸደ። «መብራት አልፈልግም፤ ጫጫታ አልፈልግም። ከብሥራት በቀር ማንም እንዳይጠጋት። አንተ፣ ምግቧን በጓሮ መስኮቷ አቀብላት። በረጅሙ ማንኪያ! እጅህን የምትወደው ከሆነ።»

«ኦኬ ዶክተር፣ ለእኔ ይተዉት።»

ብሥራት ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል ጥሎ፣ በዲቪ ሲያትል ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌክ ሲቲ ሰፈር ውስጥ ያላጠበው መኪና፣ ያላሳመነው ሰው የለም። የእሜቴን ሳጥን ከነሸራው ከመኪና ሲያወርድ በሸራው ቀዳዳ አፍንጫዋን አውጥታ እጁን አሸተተችው። አለቀ። ከዚያ ወዲያ የእሱ ናት። የእሷ ዘሮች ደረታቸው ላይ ነጭ ጨረቃ እንዳላቸው ቢሮው ግድግዳ ላይ ካለው ፎቶ አይቷል። የእሷን ግን ገና አላየም። ሣሩ ላይ ስትወጣ አያታለሁ ብሎ ቋምጧል።

ሰኞ ማንኪያውን ዘርግቶ አንድ ሰዓት ቆመ። ክንዱ ዛለ፤ እሜቴ አልመጣችም።

ጋሽ ገንዘብ፣ አጥር ጠጋኙ፣ ነፋስ የኋላው አጥር ላይ የጣለው ግንድ ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ።

«ጋሽ ገንዘብ፣ ይህን አጥር መቼ ነው የሚጠግኑት?»

«ነገ። ለመሆኑ የድብ ሐሞት ጣዕሙ እንዴት ይሆን? የፍየሉን እኮ ጥሬ ጨጓራ ላይ ጠብ ሲያደርጉበት...»

«ኧረ በማርያም ጋሽ ገንዘብ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ቀዳሁ አልኩ?»

ብሥራት ግን ዓይኑን ጣለባቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሲመጣ መስኮቷ ሥር ያኖረው የማሩ ባልዲ ተገልብጧል፤ የፖሙ ቅርጫት ተጋምሷል።

«እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ? ስኳር ያለብኝ ሰውዬ ማር ልልስ? ምን ነክቶሃል ልጄ!»

ረቡዕ አጥሩ የጎበጠበት ቦታ ላይ ጭቃና ጥቁር ፀጉር አገኘ። የጋሽ ገንዘብ ኮት ጥቁር ነው። ብሥራት በቀጥታ ሮጦ ይደውሉልኝ ብሎ ለዶክተር አጸደ ፔጅ አደረገ። መልሰው ኮል ሲያደርጉ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ዶክተር፣ ሰውዬው እኛ ከሥራ ስንወጣ ወደ እሜቴ ይገባሉ። ሐሞቷን ፈልገዋል!»

«ብሥራት፣ ሥራህን ሥራ። ሁለት ቀን ነው የቀረህ።»

ስልኩን ዘጋና ማንኪያውን አየው። ሳቁ መጣ። በማንኪያ ማን ጎርሶ ያውቃል? እንግዳ ናት፣ ያውም ታማ የተነሣች፤ ጠላት ይመስል ከሩቅ ብረት ይዘረጋላታል? ማንኪያውን ወረወረው። በወተት የራሰ ዳቦ ከሙዝና ከማር ጋር ጠቅልሎ እጁን እስከ ክርኑ በመስኮቷ ከተተ።

«እሜቴ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!»

ጭር አለ። ከዚያ ጭዱ ተንኮሻኮሸ። ቀዝቃዛ አፍንጫ፣ ሻካራ ምላስ፣ ላፍ!

«ልድገምሻ!»

ሁለተኛ። ሦስተኛ። ዳቦው ቢያልቅበት ፖም ሰጣት፤ ቀርጠፍ አድርጋ ዋጠችው። እጁን ሲያወጣ አምስቱም ጣቶች በቦታቸው ናቸው፤ እጅጌው ግን በጭቃ ተለውሷል። ጭቃውን ሳመው። በዚያ ካፊያ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረው፣ እንደ ኳስ እየነጠረ።

ሐሙስ ዶክተር አጸደ የምግብ መዝገቡን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስት ባልዲ? በአንድ ቀን?»

«የዐሥራ ሁለት ዓመት ረኃብ ነዋ፣ ዶክተር!»

ዓርብ ሦስቱም ከሜዳው አጥር ውጭ ቆሙ። የመርፌው ሣጥን በዶክተር አጸደ ብብት ሥር ነው። ብሥራት የሕፃን ራስ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ ክንዱን በሽቦው አሾለከ።

«እሜቴ! በሞቴ!»

በሩ ላይ አፍንጫ ብቅ አለ። አንድ እግር ሣር ረገጠ። ሁለት። አራት! አባቷ ያወረሳት ሜዳ ይመስል እየተንጎማለለች መጣችና ጉርሻዋን ላፍ አደረገች።

ጋሽ ገንዘብ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ብሥራት ዘሎ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽዬ! ሌባ ነው ያልኩዎት!»

«ልቀቀኝ፣ አነቅከኝ አንተ!»

ዶክተር አጸደ የመርፌውን ሣጥን መሬት ጥለው እልልታውን አቀለጡት።

«አሁን ጨረቃሽን አሳዪኝ!» አለ ብሥራት፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ከፍ አድርጎ።

ድቧ በሁለት እግሯ ቆመች። ደረቷ ከላይ እስከ ታች እንደ ከሰል የጠቆረ ነው።

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። ዶክተር አጸደ የጎበጠውን አጥርና ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ጫካ አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞሩ።

እዚያ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ጨረቃ ያላት ድብ፣ አራት እግሯን ሣሩ ላይ ተክላ፣ ጥርስ የሌለው አፏን ከፍታ ተራዋን ትጠብቃለች።