የአባቷ ምራቂ

ሙታን በኮምፒውተር ጨዋታ ዓለም ባለሱቅ ሆነው መቀጠር ከጀመሩ ወዲህ፣ የወይንሐረግ አባትም እዚያ ለተጫዋቾች ስንቅ ይሸጣል። የጨዋታውን ገበያ የምታመዛዝነው ደግሞ እሷው ናት።

አባቷ በሕይወት ሳለ እንደለመደው ለገዛ ሁሉ ይመርቃል፤ ለእሷማ ሁልጊዜ ሎሚ ጣል ያደርግላታል። በዚህ የተነሳ ስንቁ ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ።

«ወይ ምራቂውን አጥፊ፣ ወይ ሱቁ ይዘጋል» አላት አለቃዋ። ሱቁ ከተዘጋ አባቷም አብሮ ይጠፋል።

ምራቂውን ከአባቷ ልማድ ውስጥ ሰርዛ አጠፋችው። ወዲያው ወደ ጨዋታው የሚያስገባትን መነጽር አጥልቃ ሱቁ ገባች። አባቷ ሽንኩርት ልክ በልክ መዘነላት።

«አባዬ፣ አትመርቅልኝም?»

እጁ ወደ ሎሚው ተዘረጋና መሃል ላይ ቀረ። ባዶ እጁን ግራ ተጋብቶ አየው።

«እመቤት፣» አላት እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ «ሌላ ምን ልታዘዝ?»