በማሰሪያቸው የተቋጠሩ ጫማዎች

ወጣቷ ሯጭ ከመሮጫ ማሽኑ ወርዳ ላቧን እየጠረገች፣ «ምነው ዶክተር፣ ፊትዎ እንዲህ የጠቆረው? ሊቀብሩኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ተመራማሪው ተስፋ የሚያስቆርጥ ቃል የሯጭን ጉልበት ምን ያህል እንደሚያደክም ያጠና ነበርና፣ በጥናቱ ደንብ መሠረት ዋሻት፤ «እስካሁን ከተፈተኑት የቡድንሽ ልጆች ሁሉ የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ለሁለተኛው ዙር በመዘጋጀት ፈንታ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ሁለቱንም በማሰሪያቸው ቋጠረችና፣ «ለታናሽ እህቴ ልክ ናቸው» አለች። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ጓደኞቿ በር ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ወሬው ከደረሳቸው ጥናቱ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉም ተፈትነው እስኪያበቁ ዝም አለ።

ከሁሉም የበለጠችው እርሷ እንደነበረች የነገራት በወሩ መጨረሻ ነው። ወደ ሩጫ አልተመለሰችም።