ከካፒቴኑ ሣጥን የወጣ ደብዳቤ

ኮንስታንስ ደብዳቤውን እሳቱ ውስጥ ልትወረውር እጇን ስትዘረጋ በሩ ተንኳኳ። ደንግጣ ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ወሸቀችው። ጠዋቱን ሙሉ የሟች ባሏን የካፒቴኑንና የራሷን ወረቀቶች ስትለይ ነበር፤ ነገ ለንደን ያለው የአሳሾች ማኅበር ይረከባቸዋል።

የገባችው ሚስስ ሆብሊ ናት፤ በዝናብ የራሰ ሻሏን እያራገፈች።

«የካፒቴኑን ወረቀቶች ሊወስዷቸው ነው አሉ፤ እውነት ነው እመቤቴ?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ሳይሄዱ ስለ ጃቤዝ የተጻፈውን ልየው ብዬ ነው።»

ጃቤዝ አንድ ልጇ ነበር። ከካፒቴኑ ጋር የአውስትራሊያን በረሃ ሊያቋርጥ ሄዶ በዚያው ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሙት ዓመቱ በመጣ ቁጥር፣ ኮንስታንስ ከባሏ የጉዞ መዝገብ ታነብላታለች፦ ትኩሳት ያዘው፣ በጓደኞቹ እቅፍ ውስጥ በሰላም አረፈ፣ ጸሎት አድርሰን ቀበርነው። እናትየው አልቅሳ፣ አመስግና ትሄዳለች።

«ይቀመጡ፣ ላንብብልዎት» አለች ኮንስታንስ።

«አይ፣ ዛሬስ እኔው ነኝ የማነበው።» ሚስስ ሆብሊ አፍራ ሳቀች። «ክረምቱን ቤተ ጸሎት ፊደል ስቆጥር ከረምኩ። ጎረቤቶቼ ‹መነጽር ያደረገች አህያ› ይሉኛል፤ ይበሉ!»

ኮንስታንስ «መዝገቡ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ላምጣልዎት» ብላ ዞር ከማለቷ ሴትየዋ ሣጥኑ ላይ አጎነበሰች።

«ይኸው! ‹ጃቤዝ› ይላል!»

«እሱን ይተዉት! የባልና የሚስት ደብዳቤ ነው።»

«መጀመሪያ የተማርኩት ቃል እኮ ነው፣ እመቤቴ። አልስተውም።»

ምድጃው ሁለት እርምጃ አይርቅም። ነጥቃ ብትጥለው ወረቀቱ በአንድ ትንፋሽ አመድ ነው። እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ሚስስ ሆብሊ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየጎተተች ማንበብ ጀመረች። «ጃቤዝ... እግሩ... ስለተሰበረ... የውሃው ጉድጓድ አጠገብ... ትተነው ሄድን።» ቆም አለች። «እስክንርቅ ድረስ... ይቺን ቃል አላውቃትም። ምንድን ናት?»

ኮንስታንስ ወረቀቱን አየች። ያሻትን ብትላት ሴትየዋ ታምናታለች።

«‹ይጣራ›» አለች በመጨረሻ። «‹ይጣራ ነበር› ነው የሚለው።»

ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ተንሸራተተ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«‹መዝገቡ ላይ በትኩሳት ሞተ ብለህ ጻፍ› ብዬ ለባሌ የመለስኩለት እኔ ነኝ።»

ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብላ ጠበቀች። ሚስስ ሆብሊ ግን አላየቻትም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተች፤ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፤ ጣቷን መጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ጃ... ቤዝ...»